ከአባቴ መኪና እስከ አርብ አልበሞች

ፈቲያ፦ ከጅማ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ርዕሳችን ትልልቅ አሳታሚ ሳይኖራቸው በራሳቸው መንገድ የሚሠሩ ሙዚቀኞችን አዲስ ሥራ እንዴት እናገኛለን የሚል ነው። አቦሉን ጠጥተን ነው የጀመርነው።

ዮናስ፦ ቶናውም እየፈላ ነው። አንቺ ጀምሪ።

ፈቲያ፦ ከአባቴ መኪና ልጀምር። አባቴ ከአጋሮ ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልስ ሹፌር ነበር፤ ትምህርት ሲዘጋ ይዞኝ ይሄዳል። ማጫወቻው ውስጥ አንድ ካሴት ተቀርቅሮ ቀርቶ ነበር። አይወጣም፣ ዘፈን ማሳለፍም አይቻልም፤ አንዱ ገጽ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። አራተኛው ዘፈን ድምፃዊ የለውም፣ ቀስ ያለ ኦርጋን ብቻ ነው። አሰንዳቦ ስንደርስ ጠላሁት። ሶኮሩ ላይ ተመልሶ ሲመጣ ዝም ብዬ ሰማሁት። የግቤን ቁልቁለት ስንወርድ፣ አባቴ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ እያጓራ፣ ያ ኦርጋን ለሦስተኛ ጊዜ መጣ፤ እንባዬም አብሮ መጣ።

ዮናስ፦ ስንቴ ሰማሁት ይህን ታሪክ! ግን እስከ ግቤ የሚያደርስ ትዕግሥት ዛሬ ማን አለው? የዳታ ጥቅልም ያልቃል። ሦስት ዘፈን ሰምቼ ካልያዘኝ እተወዋለሁ።

ፈቲያ፦ ሦስት ዘፈን ብትሰማ አራተኛውን አታገኘውም ነበር!

ዮናስ፦ እሱስ ልክ ነው። ቢሆንም በየሳምንቱ የሚወጣው ብዙ ነው።

ፈቲያ፦ ብዙ ነው፤ ለዚህ ነው ስም መከተል ያለብን። ሙላቱ አስታጥቄን ውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለደው እዚሁ ጅማ ነው። እሱን ከወደድክ በ2009 አብረውት አልበም የሠሩትን ሄሊዮሴንትሪክስን ታገኛለህ፤ የለንደን ቡድን ነው። ከዚያ የእነሱን የራሳቸውን ሥራዎች ትሰማለህ። ከበሮውን ማን መታ፣ ማን አሳተመው ብለህ ስትጠይቅ አንዱ በር ሌላውን ይከፍታል። የሙዚቃ መተግበሪያው ማሽን ከሚመርጥልህ ይልቅ ይህ ይሻላል።

ዮናስ፦ እኔ ማሽኑ የመረጠልኝንም ወድጄ አውቃለሁ።

ፈቲያ፦ ውደድ፣ ግን እዚያ አትቁም። የኃይሉ መርጊያን ታሪክ አስብ። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮንና ኪቦርድ ብቻውን ተጫውቶ አንድ ካሴት ሠራ። ከዓመታት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው፤ ባለቤቱን ፈልጎ በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ በዚያ ጊዜ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ነበር። በ2018 «ላላ በሉ»ን ይዞ መጣ። አየህ? አንድ ሰው ሱቅ ገብቶ የማያውቀውን ካሴት አንስቶ በመስማቱ ነው ይህ ሁሉ የሆነው!

ዮናስ፦ ካሴት ስትይ ዓይንሽ ይበራል። ወደ ርዕሱ እንመለስ፤ በረካው ደርሷል። አዲሱን የት እንፈልገው?

ፈቲያ፦ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ አዳዲስ አልበሞች በአብዛኛው የሚወጡት አርብ ነው። ከጁምዓ በኋላ ከተማው ጸጥ ሲል ስልኬን ይዤ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ባንድካምፕ እገባለሁ፤ ሙዚቀኞች ሥራቸውን ለአድማጭ የሚሸጡበት ድረ ገጽ ነው። እዚያ የምትከተለው ሙዚቀኛም ሆነ አሳታሚ አዲስ ነገር ሲያወጣ መልእክት ይደርስሃል። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ድርጅቱ ከሽያጩ የሚወስደውን ድርሻ ለሙዚቀኛው የሚተውባቸው አርቦች አሉ። እኔ አንድ አልበም ብቻ መርጬ እስከ መጨረሻው እሰማለሁ።

ዮናስ፦ አንድ ብቻ? እኔ በሦስት ዘፈኔ ላይ እቆያለሁ።

ፈቲያ፦ ቆይ፣ ግን ስማቸውን አንብብ። የአባቴ ካሴት ሽፋኑ ጠፍቶ ነበርና ያንን ኦርጋን ማን እንደተጫወተው እስከ ዛሬ እየፈለግኩ ነው። መኪናውን ሲሸጥ ማጫወቻውን ፈትቶ ካሴቱን አውጥቶልኛል፤ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

ዮናስ፦ እና እስካሁን ዝም አልሽ! አምጪው፣ ማጫወቻ ከጎረቤት እንዋሳለን። አራተኛውን እንስማው።

ፈቲያ፦ ከመጀመሪያው ነው የምንጀምረው።

ዮናስ፦ እሺ፣ ከመጀመሪያው።