ሳንቲም እያነበበ ነገሥታት የፈለገ ሰው

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ስቱዋርት መንሮ-ሄይ ላወራችሁ ነው። እንግሊዛዊ አርኪዮሎጂስትና የጥንት ታሪክ አጥኚ ነው። በ1947 ተወልዶ በ2004 አረፈ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳይምታታባችሁ።

ይህን ሰው በጣም ነው የማከብረው። ከትልልቅ ሥራዎቹ አንዱን የሠራው በሌላ ሰው ቁፋሮ ላይ ነው። ከዚያ ልጀምር።

ኔቪል ቺቲክ የሚባል አርኪዮሎጂስት ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ፣ በኪልዋና በማንዳ ለዓመታት የቆፈረ ሰው ነው። ከ1972 እስከ 1974 ደግሞ አክሱም መጥቶ ቆፈረ። በሐውልቶቹ አካባቢ መቃብሮች አገኘ። አንደኛው በጡብ የተሠሩ ቅስቶች አሉት። ሌላኛው ከድንጋይ የተጠረበ፣ የማይከፈት በር ያለው ነው። ወጣቱ መንሮ-ሄይም ከቡድኑ ጋር ነበር።

ከዚያ አብዮቱ ፈነዳ። ቡድኑ ሥራውን ሳይጨርስ ወጣ፤ ሊመለስም አልቻለም። ቺቲክ በ1984 ሲሞት ሙሉው ዘገባ ገና አልታተመም ነበር።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። አንድ ቦታ የሚቆፈረው አንድ ጊዜ ነው። አፈሩ አንዴ ከተነሳ ተነሳ። የትኛው የሸክላ ስብርባሪ ከየትኛው በላይ ተኝቶ ነበር? ሳንቲሟ የወጣችው ከየትኛው ወለል ሥር ነው? ይህን የያዙት የቁፋሮው ማስታወሻ፣ ሥዕልና ፎቶ ብቻ ናቸው። እነሱ ሳይታተሙ ከቀሩ፣ የተገኘው ዕቃ ሙዚየም ውስጥ ቢቀመጥም ከየት እንደመጣ የሚናገርለት የለም።

መንሮ-ሄይ ያንን ማስታወሻ ይዞ ተቀመጠ። በ1989 ዘገባው ታተመ። ቁፋሮውን የመራው ሟቹ ዶክተር ቺቲክ መሆኑም ርእሱ ላይ ተጽፏል። እኔ ይህን ሳነብ ልቤ ተነካ። ሰው ጀምሮት የሄደውን ሥራ የተረከበ ሁሉ ያውቀዋል። የሰውየውን የእጅ ጽሑፍ መልመድ አለ። ምህጻረ ቃሉን መገመት አለ። ደውለህ እንዳትጠይቀው ባለቤቱ የለም። ይህን ሁሉ አልፎ ደግሞ የሰውየውን ስም ፊት ማስቀመጥ ትልቅነት ነው።

ውጤቱም ታይቷል። በ1993 አርኪዮሎጂስቱ ዴቪድ ፊሊፕሰን አክሱም ላይ ቁፋሮውን እንደገና ሲጀምር የቀደመው ሥራ ተጽፎ ጠበቀው። ያ የጡብ ቅስት ያለው መቃብር በቺቲክ ጊዜ ተጀምሮ የተተወ ነበር። የፊሊፕሰን ቡድን ተመልሶ ገብቶበት፣ የወይን ሐረግና እንስሳት የተቀረጸበት የዝሆን ጥርስ አወጣ።

አሁን ወደ ሳንቲሞቹ ልምጣ፤ የመንሮ-ሄይ ፍቅሩ እነሱ ናቸው።

ትምህርት ቤት እያለን አክሱም ማለት ሐውልቱ፣ ኢዛናና ካሌብ ነበሩ። በቃ። በመካከል ማን ነበር ብሎ የጠየቀ አላስታውስም። በየገዳማቱ ብራና ላይ የነገሥታት ዝርዝር አለ፤ ግን ሳንቲሞቹ ላይ ያሉት ስሞች በአብዛኛው ከዝርዝሩ ጋር አይገጥሙም። ካሌብ ሁለቱም ጋ አለ። ኢዛና ግን ሳንቲምና የድንጋይ ጽሑፍ ላይ እንጂ በዝርዝሩ በዚህ ስም አይገኝም፤ እዚያ ያሉት አብርሃና አጽብሐ ናቸው። ነዞል፣ ኢዮን፣ ኤባና የሚባሉ ነገሥታት ደግሞ አሉ። ሳንቲማቸው ባይገኝ ኖሮ እንደነገሡ እንኳ አናውቅም ነበር። እኔ ስለ እነዚህ ሰዎች ሳስብ ይገርመኛል። አገር ገዝተው፣ ወርቅ አስመትተው፣ ከእኛ ትዝታ ሙሉ በሙሉ ወጥተዋል።

ታዲያ ማን ከማን በፊት ነገሠ? ሳንቲሙ ላይ ዓመት የለም። ስለዚህ አጥኚው ይመዝናል። በ270 ገደማ ሳንቲም ማስመታት የጀመረው የንጉሥ እንዱቢስ የወርቅ ሳንቲም 2.7 ግራም አካባቢ ነው፤ በኋላ ክብደቱ ወደ 1.6 ይወርዳል። የወርቁ ጥራትም እየቆየ ይቀንሳል። የንጉሡን ምስል፣ ግራና ቀኝ ያቀፉትን የእህል ዛላዎችና የፊደሉን ቅርጽ ያያል። ጨረቃና ክብ ነገር ካለ የቀድሞው እምነት ዘመን ነው፤ ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ በመስቀል ተተክቷል። አንድ ላይ ተቀብረው የተገኙትንም ያመሳክራል። በ1977 የመን ውስጥ አል-መድሃሪባ በሚባል ቦታ 868 የአክሱም ወርቆች ከ326 የሮማውያን ወርቆች ጋር ተገኙ። ያንን ክምችት ያጠናው መንሮ-ሄይ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ከመዳብ ሳንቲሞቹ አንዳንዶቹ ላይ በግሪክኛ «ይህ ሀገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ተጽፏል። ወርቁ ለውጭ ንግድ ነው፤ መዳቡ ለገበያተኛው። ንጉሡ ይህን ቃል ያስጻፈው ተራው ሰው እጅ በሚገባው ላይ መሆኑ እኔን ደስ ይለኛል። ከብሩና ከመዳቡ አንዳንዱን ደግሞ በጥቂቱ ወርቅ ይቀቡት ነበር። ለትንሽ ሳንቲም እንዲህ መጨነቅ!

ከመጨረሻ መጽሐፎቹ አንዱ የታተመው ከሞተ በኋላ፣ በ2005 ነው። ስለ ታቦተ ጽዮን ነው። የጽሑፍ ምንጮችን አሰባስቦ፣ ታቦቱ አክሱም አለ የሚለው ትውፊት በጽሑፍ የሚታየው ዘግይቶ ነው ይላል። እኔ አማኝ ነኝ፤ በዚህ ከእሱ ጋር አልስማማም። ብዙዎቻችሁም እንደማትስማሙ አውቃለሁ። ግን ምንጮቹን አንድ በአንድ አስቀምጧል። የት እንዳነበበ ይናገራል። በስድብ ሳይሆን በንባብ ልንመልስለት ይገባል፤ ከምንጮቹ መካከል ደግሞ በራሳችን በግዕዝ የተጻፉ አሉ። ይህን ሥራ የሚሠሩ የግዕዝ ተማሪዎች ካላችሁ ጻፉልኝ፤ እዚህ ጋብዣችሁ ባወራችሁ ደስ ይለኛል።

በሚቀጥለው ክፍል ስለ ዋዜባ፣ በሳንቲሙ ላይ በግሪክኛ ፈንታ ግዕዝ ስላስጻፈው ንጉሥ እናወራለን። ቸር ሰንብቱ።