ከራዳር ስለሚሰወሩ ተዋጊ ጀቶች፦ በደብረ ማርቆስ ለፊዚክስ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣

ስለ ስውር ተዋጊ ጀቶች ለመናገር የመረጥሁት፣ በክፍል የምትማሩት የሞገድና የነጸብራቅ ትምህርት እስከ የት እንደሚያደርስ ከዚህ አብልጦ የሚያሳይ ነገር ስላላገኘሁ ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ራዳር የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ ከአውሮፕላኑ ነጥሮ ሲመለስለት ርቀቱንና አቅጣጫውን ያውቃል። በማለዳ ከጮቄ ተዳፋት ቁልቁል ስትመለከቱ፣ ከመንደሩ የቆርቆሮ ጣራዎች ሁሉ ዓይናችሁን የሚወጋው ፀሐይዋን ወደ እናንተ የሚመልሰው ብቻ ነው፤ የሌሎቹ ነጸብራቅ በሌላ በኩል ያልፋል። የአሜሪካው ስውር ጀት ኤፍ-117 የተሠራው በዚሁ መንገድ ነበር፤ ጠፍጣፋ ገጾቹ ሞገዱን ከላከው ራዳር ያርቁታል።

የስሌቱን መሠረት የጣለው የሶቪየት ኅብረቱ የፊዚክስ ሊቅ ፒዮትር ኡፊምፀቭ ነው። ሞገድ ከአንድ አካል ጠርዝ ላይ እንዴት እንደሚበተን የሚያስረዳውን ሥራውን በ1962 በግልጽ አሳተመ፤ ፍሬውን ቀድመው የለቀሙት ግን በ1970ዎቹ ቀመሩን ለኮምፒዩተር የሰጡት የአሜሪካው ሎክሂድ መሐንዲሶች ነበሩ። የጊዜው ኮምፒዩተር ጥምዝ ገጽን ለማስላት አቅም ስላነሰው በ1981 የበረረው ኤፍ-117 ማዕዘናም ሆነ፤ በ1997 የበረረው ኤፍ-22 ግን ልስልስ ጥምዞች አሉት፣ ሚሳኤሎቹን በሆዱ ይሸከማል፣ የሞተሩን ተጨማሪ ማቀጣጠያ ሳይጠቀምም ከድምፅ ፈጥኖ ይጓዛል።

ብዙ ሰው እነዚህ ጀቶች ጨርሶ የማይታዩ ይመስለዋል። የሚሆነው ግን የሚታዩበት ርቀት ማጠሩ ነው፤ እሱም በቀላሉ አያጥርም። ርቀቱ የነጸብራቁን መጠን አራተኛ ሥር ስለሚከተል፣ በግማሽ ለማሳጠር ነጸብራቁን 16 ጊዜ፣ ወደ አንድ አሥረኛ ለማውረድ ደግሞ 10,000 ጊዜ መቀነስ ያስፈልጋል። ይህ ቀመር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ አንድ በሚገባ ያልተገጠመ ክዳን ብቻውን የዓመታት ድካምን ሊያበላሽ የሚችለውም ለዚህ ነው።

በመጋቢት 1999 አንድ ኤፍ-117 በሰርቢያ ሰማይ ላይ በአሮጌው ኤስ-125 ሚሳኤል ተመትቶ ወደቀ። የሞገዱ ርዝመት ወደ ሜትሮች አድጎ ከጀቱ ክፍሎች መጠን ጋር ሲቀራረብ የቅርጹ ጥበብ ይዳከማል፤ ሰርቦቹም እንዲህ ያለ የፍለጋ ራዳር ነበራቸው። ረጅም ሞገድ ግን የጀቱን ቦታ በግምት እንጂ በትክክል አያመላክትም፤ ሚሳኤሉን ለመምራት አጭር ሞገድ ያለው ሌላ ራዳር ያስፈልጋል፤ የጀቱም ቅርጽ በዋናነት የተቀየሰው ይህን ሁለተኛውን ራዳር ለማሳወር ነው።