የመቶ አለቃው የበቾ ወንበር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ!

የጡረተኛ ወታደር ጉባኤ ሲከፈት የጦር ሜዳ ወግ ማንሣት የተለመደ ነው። ዛሬ ከዚያ ፈቀቅ ብዬ ስለ መቶ አለቃ ግርማ ወልደጊዮርጊስ ጥቂት ልበል። ስማቸው ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ቤተ መንግሥቱ ነው፤ 12 ዓመት ርዕሰ ብሔር ነበሩና። እኔን የሚገርመኝ ግን የበቾ ወንበራቸው፣ ማለትም በኦሮሚያ ያለችውን በቾን ወክለው የያዙት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ነው።

ግርማ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከገነት ጦር ትምህርት ቤት ተመርቀው አየር ኃይል ገቡ። በ1953 ዓ.ም. ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት (በንጉሡ ዘመን ሕዝብ ለሚመርጠው ምክር ቤት) ተመረጡ፤ ምክር ቤቱንም በፕሬዚዳንትነት መሩ። በዚያ ዘመን ፓርቲ ስላልነበረ እጩ ሁሉ የሚቀርበው በግሉ ነበር። ወደ 40 ዓመት ገደማ አልፎ፣ መንግሥት ሁለት ጊዜ ተለውጦ፣ ፓርቲ በበዛበት በ1992 ዓ.ም. ምርጫ እንደገና በግላቸው ቀረቡ። ዕድሜያቸው 75 ነበር፤ በቾም መረጠቻቸው። እኛ በዚህ ዕድሜ ለዕድር ዳኝነት ስንታጭ እንኳ ወገባችንን ያመናል!

ወንበሩ ግን ብዙ አልቆየላቸውም። መስከረም 28 ቀን 1994 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ርዕሰ ብሔር አደረጓቸው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 መሠረት ደግሞ ለዚህ የተመረጠ የምክር ቤት አባል ወንበሩን ይለቃል። የርዕሰ ብሔርነቱ ሥራ በአብዛኛው የክብር ነው፤ ሕግ የሚወጣውም በጀት የሚጸድቀውም በለቀቁት አዳራሽ ነው። በእኔ ሚዛን የበቾ ወንበር ከቤተ መንግሥቱ ትከብዳለች። በየዓመቱ መስከረም ሲያልቅ የሁለቱን ምክር ቤቶች ስብሰባ በረጅም ንግግር የሚከፍቱትም እርሳቸው ነበሩ፤ የእኔ እንደሚያጥር ቃል እገባለሁ።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከመካከላችን የክፍለ ጦር ሒሳብ የያዘ፣ መጋዘን ያስተዳደረ፣ የራዲዮ መገናኛ የመራ ሞልቷል። የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ ሲመጣ ግን «ጡረተኛ ምን አገባው» ብለን በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን እናማለን። የአጀንዳችን ተራ ቁጥር 3 ለዚሁ የተያዘ ነው። ማኅበሩ ለማንም አይወግንም፤ በግል ለመወዳደር ለሚሻ አባል ግን የድጋፍ ፊርማ እንዴት እንደሚሰበሰብና ፎርሙ እንዴት እንደሚሞላ ማብራሪያ ይሰጣል። ስም መዝጋቢው በሻይ ሰዓት በር ላይ ይቀመጣሉ።

ጸሐፊያችን ያለፈውን ቃለ ጉባኤ እንዲያነቡልን እየጋበዝኩ፣ ጉባኤው መከፈቱን አበሥራለሁ።