ብቻውን የሚቆም ቀለም የለም

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ጥሪውን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፤ እንደምን አደራችሁ።

የሥነ ጥበብና የዲዛይን ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በሁለት ዝርዝሮች ነው። የመጀመሪያው የአላባውያን ነው፤ መስመር፣ ቅርጽ፣ ግዝፈት፣ ቀለም፣ የብርሃንና የጥላ ደረጃ፣ የገጽ ልስላሴና ሻካራነት፣ ባዶ ቦታ። ሁለተኛው የመርሆዎች ነው፤ ሚዛን፣ ንጽጽር፣ ድግግሞሽ፣ ምት፣ ምጥጥን፣ ትኩረት፣ ኅብር። አንዱ መምህር ሰባት ይላል፣ ሌላው ዘጠኝ ያደርሰዋል፤ በቁጥሩ አንጣላም። ሁለቱንም በአንድ ምሽት መሸምደድ ይቻላል። ይሁንና በቃሉ የያዘው ተማሪ ባዶ ወረቀት ፊት ሲቀመጥ እጁ ይታሰራል። ዝርዝሩ ሁሉን ነገር ለየብቻ አስቀምጦ ያስተምራል፤ ሥዕል ላይ ደግሞ ለየብቻው የሚኖር ነገር የለም። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ጉርብትና ነው።

ይህን ከማንም በላይ በግልጽ ያሳየው ሠዓሊ ሳይሆን ኬሚስት ነው። ሚሼል ኤዤን ሼቭሮል እ.ኤ.አ. በ1824 በፓሪሱ የጎብለን ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ፋብሪካው ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ሥዕሎችን በሽመና የሚሠራ ነበር። ለኃላፊው ከደረሱት ቅሬታዎች አንዱ ስለ ጥቁር ክር ነው፤ ጥቁሩ አይጠቁርም፣ ደብዝዟል ይላል። ሼቭሮል ክሩን ከሌሎች ስመ ጥር ማቅለሚያ ቤቶች ከመጣ ጥቁር ሱፍ ጋር አስተያየው። ምንም አላነሰም። ጉድለቱ ከማቅለሚያው ገንዳ ሳይሆን ከሽመናው ተገኘ፤ ጥቁሩ የሚገባው ከሰማያዊና ከወይን ጠጅ ክር ጎን ነበር። ሰማያዊ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ለዓይናችን ወደ ተቃራኒው፣ ወደ ብርቱካናማ፣ ይገፋዋል። ብርቱካናማ የነካው ጥቁር ደግሞ ጥልቀቱን ያጣል። ክሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጎረቤቱ ነው።

ሼቭሮል ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1839 አሳተመ። ሰውየው 102 ዓመት ስለኖረ፣ ሐሳቡ በሠዓልያን እጅ ሥራ ላይ ሲውል ለማየት በቅቷል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዦርዥ ሱራ ከ1884 እስከ 1886 እ.ኤ.አ. በሠራው ሥዕል በላ ግራንድ ዣት ደሴት የሚዝናኑ ሰዎችን አሳይቷል። ሸራው ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር ያህል ነው። ቀረብ ብሎ የሚያይ ሰው ተጎራብተው የተቀመጡ ጥቃቅን የቀለም ነጠብጣቦችን ያገኛል፤ ሣሩና ውኃው፣ ጃንጥላውና ጥላው ከእነርሱ የተገነቡ ናቸው።

ቀለም ይህን ያህል ከተወራለት፣ አሁን ትንሽ ልቃወመው። ጀማሪዎች ሁሉ ቀለም ይወዳሉ፤ እኔ ግን ከቀለም በፊት ብርሃንና ጥላ መማር አለበት ባይ ነኝ። ሥራችሁን በስልካችሁ ፎቶግራፍ አንሡና ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጡት። ቅርጾቹ ከተለዩ ሥራው ቆሟል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆነ ደግሞ ምንም ቀለም አያድነውም። በአረንጓዴ መደብ ላይ የተጻፈ ቀይ ጽሑፍ አስቡ። ቀለሞቹ በጣም የተራራቁ ናቸው። ብርሃናቸው እኩል ከሆነ ግን የፊደሉ ጠርዝ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይን ይደክማል። ቀይና አረንጓዴን መለየት ለሚያዳግተው አንባቢ ደግሞ ጽሑፉ ከነጭራሹ ይጠፋበታል። ይህን ለማስተካከል ቀለሙን መቀየር ላያስፈልግ ይችላል፤ አንዱን ማጥቆር፣ ሌላውን ማንጣት ይበቃል።

ወደ ሚዛን ልለፍ። ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ሥራ መሥራት አያስቸግርም፤ ግርማም አለው። የሚያስቸግረው እኩል ባልሆኑ ነገሮች ሚዛን መጠበቅ ነው። ሁለት ልጆች እንጨት አጋድመው ሲወዛወዙ ከባዱ ወደ መሃል ይጠጋል፣ ቀላሉ ከጫፍ ይቀመጣል፤ ሥዕልም ላይ ትንሽ ነገር ቦታውን ካወቀ ትልቁን ይመዝናል።

ጃፓናዊው ሠዓሊ ሆኩሳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ገደማ የሠራውን ታላቁን ማዕበል ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ግዙፍ የሚመስል ሥራ ነው፤ ከእንጨት ቅርጽ የታተመው ወረቀት ግን ቁመቱ 25፣ ስፋቱ 37 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ማዕበሉ በግራ በኩል ተነሥቶ አረፋው እንደ ጥፍር ይቆለመማል። ሦስት ጀልባዎች ከሥሩ ናቸው። ከማዕበሉ ጉድጓድ በስተጀርባ ደግሞ የፉጂ ተራራ ከውኃው አንሶ ይታያል። የጫፉ በረዶ የአረፋውን ንጣት ይደግማል። ከፊት ለፊት ያለችው ትንሽ ማዕበልም የተራራውን ቅርጽ ይዛለች፤ እርሷን ያየ ዓይን ሳያስበው ወደ ተራራው ይሄዳል። ተራራውን በጣታችሁ ሸፍናችሁ እዩት፤ ማዕበሉ የሚያክለው ነገር ያጣና ተራ ውኃ ይሆናል። ድግግሞሽ፣ ምጥጥንና ትኩረት ብላችሁ በሦስት መስመር የጻፋችሁት እዚያ ወረቀት ላይ አንድ ድርጊት ነው።

ስለ ምጥጥን ካነሣሁ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ወርቃማ ምጥጥን የተባለውን፣ ረጅሙ ጎን የአጭሩን 1.618 እጥፍ ያህል የሚሆንበትን ልኬት፣ የውበት ሁሉ ቁልፍ አድርገው የሚያቀርቡ አሉ። አልቆ በተሰቀለ ሥዕል ላይ ጠመዝማዛ መስመር ያሳርፉና “ይኸው!” ይላሉ። መስመሩን አንድ ጊዜ ካሰፉት፣ አንድ ጊዜ ካጠበቡት፣ የማይገጥምበት ሥዕል ይኖር ይሆን? ቁጥሩ በሒሳብ ውብ ነው፤ ዓይናችሁን ግን አትሽጡለት።

ባዶ ቦታም ከቅርጽ አያንስም። ፌዴክስ የተባለው የዕቃ አመላላሽ ድርጅት ዓርማ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ነው። በመጨረሻዎቹ ሁለት የላቲን ፊደሎች መካከል ያለው ነጭ ክፍተት ወደ ቀኝ የሚያመለክት ቀስት ይሠራል። ቀስቱን ማንም አልሣለውም፤ ፊደሎቹ ተጠጋግተው ፈጠሩት። ለዓመታት አይተውት ያላዩት ብዙ ናቸው። ንድፍ ስትሠሩ እንግዲህ በፊደል ዙሪያ የቀረው ነጭ ምን ቅርጽ እንደያዘ ጠይቁ። ባዶ ቦታ ባዩ ቁጥር “እዚህ ምን እንጨምር?” የሚሉ ደንበኞች ይገጥሟችኋል፤ ታገሡአቸው፣ ግን አትታዘዙአቸው።

ከሰዓት በኋላ የምትሠሩት እነሆ። ሠዓሊና የቀለም መምህር የነበረው ጆሴፍ አልበርስ ለተማሪዎቹ ይሰጥ ከነበረው መልመጃ የተወሰደ ነው፤ ቀለምና ብሩሽ አያስፈልገውም፣ ወረቀትና መቀስ ይበቃዋል። ከአንድ ግራጫ ወረቀት ሁለት እኩል ካሬዎች ቁረጡ። አንዱን በጥቁር፣ ሌላውን በነጭ ወረቀት መካከል አስቀምጡ። በጥቁሩ ላይ ያለው ነጣ ብሎ፣ በነጩ ላይ ያለው ጠቆር ብሎ ይታያችኋል። ይህ ቀላሉ ነው። ከዚያ ግልባጩን ሞክሩ፤ ሁለት የተለያዩ ግራጫዎችን ምረጡና መደባቸውን እየለዋወጣችሁ አንድ ግራጫ አስመስሏቸው። ሥራችሁን ነገ ጠዋት እዚህ ግድግዳ ላይ ሰቅለን እንተቻለን። አመሰግናለሁ።