«ሰው አለው»

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለወላጆችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ ብዙ ናችሁ። እኔም የፓርኪንግ ዩኒፎርሜን መኪና ውስጥ አውልቄ ነው የገባሁት።

ጁን 29፣ 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሃርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ክስ ላይ ወሰነ። ከእንግዲህ ተማሪ ሲመረጥ ዘሩ አይቆጠርለትም ተባለ። የዚያን ቀን ፓርኪንጉ ውስጥ ሦስት ሐበሾች ነበርን። አንዱ «እሰይ! እንደ ማትሪክ በውጤት ብቻ ይሁና!» አለ። እኔም ልክ ነህ አልኩ። ማትሪክ ያሳደገን ሰዎች ነን፣ ምን ይፈረድብናል? እዚያም ቢሆን ለሴቶችና ለታዳጊ ክልል ልጆች የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ይደረግ እንደነበር ግን ማናችንም አላነሳንም።

ከዚያ የልጄ ተራ ደረሰ። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑን ከፍተን የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ፎርም ስንሞላ አንድ ጥያቄ መጣ፦ ከቤተሰብህ እዚህ የተማረ አለ? ልጄ ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። «አባዬ፣ አንተ ደሴ አይደል የተማርከው?»

ጥያቄው ለወግ የገባ አይደለም። በዚያው በሃርቫርድ ክስ የወጣው መረጃ እንደሚለው፣ ወላጁ እዚያ ከተማረ አመልካች ከ100 ወደ 33 ያህሉ ይገባ ነበር። ከሌላው ከ100 ወደ 6። እኛ አገር ይሄ ነገር ስም አለው፤ «ሰው አለው» ይባላል። ያንን እዚያው ጥለነው የመጣን መስሎን ነበር! እንዲህ የሚገቡት የብዙዎቹ ልጆች አያቶች የገቡት ደግሞ ጥቁር ተማሪ በጣት በሚቆጠርበት ዘመን ነው። ፍርድ ቤቱ የዘሩን በር ሲዘጋ ይሄኛው ክፍት ቀረ። የእኛዋ ሜሪላንድ በ2024 በሕግ ከልክላዋለች፤ ተመስገን ነው። ልጆቻችን የሚያመለክቱት ግን ሜሪላንድ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ኤሴዩ፣ ተማሪው ከማመልከቻው ጋር ስለ ራሱ ወደሚጽፈው ጽሑፍ ልምጣ፤ ዛሬ የመጣሁትም ለእሱ ነው። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ በዚያው ውሳኔ ላይ፣ ተማሪው ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያመጣውን ነገር ቢጽፍ ዩኒቨርሲቲው ሊያየው ይችላል ብለዋል። ልጄ መጀመሪያ የጻፈው ጥሩ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡዙ ውስጥ፣ ፓርኪንጉ ላይ በምሠራባት ትንሽ ክፍል፣ አጠገቤ ተቀምጦ፣ መኪና በመጣ ቁጥር ደብተሩን እያነሳልኝ ሒሳብ ይሠራ ነበር። እሱን ጽፏል። ሱቅ ውስጥ ከኋላ ከኋላው ይከተለው የነበረውን ጥበቃም ጽፏል። በማግስቱ ሳየው ሁሉም የለም። ስለ ሮቦት ፍቅሩ ተጽፏል። ሮቦት በእጁ ነክቶ አያውቅም!

«ምነው?» አልኩት።

«ልመና ይመስላል፣ አባዬ።»

ተናደድኩ። «አባቱ እዚያ ተምሮ የአባቱን ስም ፎርሙ ላይ የሚሞላው ልጅ፣ እየለመንኩ ነው ብሎ ያፍራል?» አልኩት። ዝም አለ። ማታ ላይ ቡዙን መለሰው። ጥበቃውን ግን አልመለሰውም፤ እኔም አልጎተጎትኩትም።

በሉ ልጆች፣ ኤሴያችሁን የያዛችሁ ወደዚህ ኑ። ቡናው እስኪፈላ አብረን እናንብበው።