ምጣዱ፣ መኪናዋ እና አንዱ ቆጣሪ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ኤሌክትሪክ መኪናዬ ላወራችሁ ነው። ስለ መኪናዬ ስል ግን ስለ ግቢያችንም፣ ስለ አከራያችንም፣ ስለ ቆጣሪያችንም ነው። ሦስቱን ለይቼ ማውራት አልችልም።

የምነዳው ቢዋይዲ ሲጋል ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ የምታዩዋት ትንሿ። የኔዋ ባትሪ 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ወረቀቷ ላይ 305 ኪሎ ሜትር ይላል፤ እሱ በቻይና አለካክ ነው፣ በኛ ዳገትና በኛ መንገድ ከዚያ ያንሳል። ያወቀኝ ሰው ሁሉ ታዲያ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "በአንድ ቻርጅ ስንት ትሄዳለች?" ብሎ ነው። ታክሲ ተራ ቆሜም፣ ለቅሶ ቤትም፣ መኪና አጥቢዎቹ ጋም ያው ጥያቄ ነው።

ከተማ ውስጥ ለሚውል ሰው ይሄ ጥያቄ ብዙም አያስጨንቅም። ሥራና ቤት ደርሶ መልስ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ እንዲህ ያለች ትንሽ መኪና ቢበዛ አራት ኪሎ ዋት ሰዓት ብትበላ ነው። ባትሪው ገና አልተነካም ማለት ይቻላል። እኔ መኪና ልግዛ ብሎ የሚያማክረኝን ሰው የምጠይቀው ሌላ ነው፦ የት ነው የምታድረው? ከየትኛው ቆጣሪ ነው የምትስበው? ቆጣሪውስ የማን ነው?

እኔ ተከራይ ነኝ። ግቢው ውስጥ አከራያችን አሉ፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ከኛ ሌላም ተከራዮች አሉ። ቆጣሪው ግን አንድ ነው። ወር ሲደርስ ቢሉ ይመጣል፣ እንካፈላለን። መኪናዋ ከመምጣቷ በፊት ይሄ አከፋፈል ማንንም አጨቃጭቆ አያውቅም፤ አንድ አምፖል፣ አንድ ቲቪ፣ አንድ ፍሪጅ፣ ምን አለው?

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱት። መኪናዋ ከተራ ሶኬት ስትሞላ የምትስበው ሁለት ሺህ ዋት ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ደግሞ ሦስት ሺህ አምስት መቶ አካባቢ ይስባል። አዎ፣ ምጣዱ ከመኪናዋ ይበልጣል። ይሄን ስነግራቸው የማያምኑኝ ብዙ ናቸው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰኩ አምስት ሺህ አምስት መቶ ይሆናል። የግቢያችን ሃያ አምፔር ብሬከር፣ ኃይል ሲበዛበት መብራቱን የሚያቋርጠው ማለቴ ነው፣ በ220 ቮልት የሚሸከመው አራት ሺህ አራት መቶ ነው። ብሬከሩ ይወርዳል፣ ግቢው ይጨልማል፣ ምጣዱ ላይ የፈሰሰው ሊጥ ከጥሬ ያልወጣ ከበሳል ያልገባ ሆኖ ይቀራል። እንጀራ ሲበላሽ ማየት ደግሞ በኛ ቤት ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ተነጋገርን። እማማ ማክሰኞና ዓርብ ነው የሚጋግሩት። በነዚያ ቀናት እኔ ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ቻርጅ አላደርግም፤ ስክሪኑ ላይ ሰዓቱን እሞላለሁ፣ መኪናዋ ራሷ ትጀምራለች። አንዳንዴ የቡሄ ወይ የፋሲካ ዋዜማ ሲሆን "ልጄ፣ ዛሬ ሌሊቱን ሙሉ ነው የምንሠራው፣ መኪናሽን ነገ አድርጊያት" ይሉኛል። እሺ እላለሁ። ዋዜማ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃና ምጣድ ስለሚሰካ ኃይሉ ራሱ ይዋዥቃል፤ ብሰካም ቻርጀሩ እየቆመ እየተነሳ ያስቸግራል።

የመጀመሪያው ጣጣ ግን ምጣዱ አልነበረም። መጀመሪያ ስሰካት ቻርጀሩ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ አለና እምቢ አለ። መኪናዋ ምንም አልሆነችም። ቤቱ ኧርዝ፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ፣ የለውም ነበር። ብዙ የድሮ ቤት ሶኬቱ ባለ ሦስት ቀዳዳ ሆኖ ሦስተኛው ሽቦ የትም አልተያያዘም። ፍሪጁም ቲቪውም ምንም ሳይሉ ይሠራሉ፣ የመኪና ቻርጀር ግን ይሄን ይፈትሻል፤ ካጣው አይሞላም። ኤሌክትሪሽያኑ መጣና ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ጤና አዳሙ ከተተከለበት አጠገብ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ የመዳብ ዘንግ በመዶሻ እየመታ አስገባ። ዙሪያውን ከሰልና ጨው ጨመረበት፣ ውሃ አፈሰሰበት፣ ከዘንጉ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ስቦ እስከ ብሬከሩ ሳጥን አደረሰ። ብሰካው አረንጓዴ በራ። እማማ ቆመው ሲያዩ ቆይተው "እስከ ዛሬ ምጣዱ ለምን ነዘረኝ ብዬ ነበር" አሉ። ለካ ምጣዱ አልፎ አልፎ ይነዝራቸው ኖሯል፤ እርጥብ ጨርቅ ሲይዙ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልነዘራቸውም። ለመኪና ተብሎ የተተከለ ዘንግ የአንዲትን እናት እጅ ከንዝረት አዳነ። ይሄን ሳስብ እስካሁን ደስ ይለኛል።

ሒሳቡ ከዚህ ይከብዳል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው። እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ርካሽ ነው፤ ከዚያ 100፣ 200፣ 300 እያለ እስከ 500 እና ከዚያ በላይ ሲወጣ የእያንዳንዱ ዋጋ አብሮ ይወጣል። በወር 800 ኪሎ ሜትር የምትነዳ ትንሽ መኪና ወደ 90 ወይ 100 ኪሎ ዋት ሰዓት ትጨምራለች። በጋራ ቆጣሪ ላይ ይሄ ምን ማለት ነው? ግቢውን በሙሉ ወደ ላይኛው እርከን ትገፋለች ማለት ነው። ጎረቤቴ አንድ አምፖል አልጨመረም፣ የሱ ድርሻ ግን በኔ መኪና ምክንያት ሊወደድ ይችላል።

አንዳንዱ ሰው ለመኪናው መስመር ትንሽ ቆጣሪ ያስገባና የቆጠረውን በአማካይ ዋጋ አባዝቶ ይከፍላል። ፍትሐዊ ይመስላል፣ አይደለም። እኔም ትንሿን ቆጣሪ አስገብቻለሁ፤ የምከፍለው ግን ግቢው በደረሰበት በመጨረሻው እርከን ዋጋ ነው። እርከኑን ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ። እንዲህም ሆኖ ከቤንዚን ጋር አይወዳደርም፤ የማደያ ሰልፉን ሳልቆጥር ማለት ነው። በርካሽ የምሄደው ጎረቤት እየከፈለልኝ ከሆነ ግን ይቅርብኝ።

ስለ መንዳቱ ትንሽ ልበልና ልመለስ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል። ከሽሮሜዳ ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ በሁለተኛ ማርሽ እያጓራ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። ታችም ላይም ያው ጉልበት ነው። ስትወርዱ ደግሞ ሞተሩ ጄነሬተር ይሆንና ባትሪውን ይሞላል፤ እንጦጦ ላይ ከነበረው ፐርሰንት ጨምራችሁ ሽሮሜዳ ልትደርሱ ትችላላችሁ። ይሄ አገር ለዚህ መኪና የተሠራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኃይሉም አለ። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት ተብሏል። ከዚያ በፊት፣ በ2016፣ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ ዛሬ አዲስ መኪና ከውጭ ላስመጣ የሚል ሰው ያለው ምርጫ ይሄው ነው። ጉባ ላይ የሚመነጨው ኃይል ግን እኔ ጋ ሲደርስ በሃያ አምፔር ብሬከርና በእማማ ምጣድ በኩል ነው የሚያልፈው። ወሬው ሁሉ ስለ ግድቡና ዋና መንገድ ላይ ስለሚተከሉት ፈጣን ቻርጀሮች ነው። እነሱም ያስፈልጋሉ፤ አዳማና ሐዋሳ ለሚመላለስ ሰው የግድ ናቸው። መኪና ግን አብዛኛውን ዕድሜዋን ቆማ ነው የምታሳልፈው፣ የምትሞላውም ባደረችበት ቢሆን ነው የሚሻለው።

እኔ ዕድለኛ ነኝ፤ ግቢ አለኝ፣ የሚያናግሩኝ አከራይ አሉኝ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖረውስ? ማታ ማታ በመስኮት ማራዘሚያ እየወረደ አይቻለሁ። ቀጭን ሽቦ፣ ግማሹ እንደተጠቀለለ፣ ዝናብ እየመታው። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። ተጠቅልሎ የቀረ ማራዘሚያ ለሰዓታት ሁለት ሺህ ዋት ሲሸከም ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ታች ደግሞ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ሰውየው ግን ምን ያድርግ? ማቆሚያው ላይ መስመር የለም፣ የጋራው መብራት ላይ ልሰካ ቢል የሁሉም ገንዘብ ነው።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ገና የሚሠሩት ሕንፃዎች የመኪና ማቆሚያቸው ኮንክሪት ሳይፈስ ባዶ ቱቦ ይቀበርበት። ሽቦውን ነዋሪው ቆይቶ ያስገባል። ያኔ ቱቦ መቅበር ወጪው ትንሽ ነው፤ ከተጠናቀቀ በኋላ ኮንክሪት መስበር ግን የማኅበር ስብሰባ የሚበትን ጉዳይ ነው። ለተሠሩት ደግሞ ለማቆሚያው ብቻ የሚሆን ራሱን የቻለ ቆጣሪ በማኅበሩ ስም ይጠየቅ።

ኮንዶሚኒየም ሆናችሁ የተስማማችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ። መስመሩን ማን አስገባ? ሒሳቡ እንዴት ይከፈላል? መኪና የሌላቸው ጎረቤቶች ምን አሉ? በድምፃችሁ ቅዱና ላኩልኝ፤ በተለይ መኪና ከሌላቸው መስማት እፈልጋለሁ፣ የሚቀጥለውን ክፍል ከእነሱ ነው የምጀምረው። ሰላም ሁኑልኝ።