ቅዳሜዬን የበላው ስካውት

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ ድምፄ ትንሽ ጎርነን ካለባችሁ ይቅርታ፣ ከካምፒንግ ነው የመጣሁት። አዎ እኔ፣ ካምፒንግ። አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ይሄን ሁሉ ዓመት ኖሬ ድንኳን የማውቀው ለሠርግና ለለቅሶ ሲተከል ብቻ ነው።

ነገሩ የጀመረው ልጄ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዞ የመጣ ቀን ነው። ሁለተኛ ክፍል ነው። "ማሚ፣ ዎልፍ ልሆን ነው" አለኝ። ከብ ስካውት ላይ፣ የትንንሾቹ ስካውት ማለት ነው፣ ኬጂዎቹ ላየን ይባላሉ፣ አንደኛ ክፍል ታይገር፣ ሁለተኛ ዎልፍ፣ ሦስተኛ ቤር፣ እንደዛ እያለ እስከ አምስተኛ ክፍል ይሄዳል። ማዘር አጠገባችን ቡና እየቆላች ነበር፣ ተረጎምኩላት። "ተኩላ? ምነው ልጁን አውሬ አደረጋችሁት?" አለች። ከዛ ሜዳ ላይ እንደሚያድሩና ለዚህም እንደሚከፈል ስነግራት ጭራሽ በሳቅ ሞተች። እሷ በልጅነቷ ማሽላ ስትጠብቅ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዛ ነው ያደገችው፣ "ለእኛ ታዲያ ማን ከፈለን?" ትላለች።

አጎቴ ደግሞ ስልክ ላይ ስነግረው ደስ አለው፣ በጃንሆይ ጊዜ እኛም አገር ቦይ ስካውት ነበር አይደል፣ ደርግ ሲመጣ ነው የቀረው። እሱ አልደረሰበትም፣ ግን ታላላቆቹን ቁምጣና ያቺን የአንገት መሃረብ አድርገው ሲሰለፉ እያየ ሲቀና ነበር።

እሺ ወደ ብሩ ልምጣ፣ ብዙዎቻችሁ ኢንቦክስ የጠየቃችሁኝ እሱን ነው። ድርጅቱ ድሮ ቦይ ስካውትስ ኦፍ አሜሪካ ነበር፣ በፈረንጆቹ 2025 ስሙን ስካውቲንግ አሜሪካ ብሎታል፣ ሴቶች ልጆችም ከ2018 ጀምሮ ከብ ስካውት ይገባሉ። ገርል ስካውትስ ሌላ ድርጅት ነው እሺ፣ ኩኪስ የሚሸጡት እነሱ ናቸው፣ እኔ ራሴ አንድ ይመስለኝ ነበር። እኔ ሳስመዘግበው ለዋናው መሥሪያ ቤት በዓመት 85 ዶላር፣ ለአዲስ ገቢ ደግሞ አንዴ 25 ዶላር ከፈልኩ። እዛ ላይ እንዳታቆሙ ግን፣ የአካባቢው ካውንስል የራሱን ይጨምራል፣ ልጁ የሚገባበት ፓክም (የሰፈሩ የልጆች ቡድን) የራሱን፣ እና ፓክ ከፓክ ይለያያል፣ ስለዚህ ፎርሙን ከመፈረማችሁ በፊት "ዓመቱን ሙሉ ጠቅላላ ስንት ነው፣ ካምፑ ውስጡ አለ ወይ" ብላችሁ ጠይቁ። እርዳታም አለ። እኔ አፍሬ ነበር፣ ሳልጠይቅ ሁለት ሳምንት ቆየሁ፣ በኋላ አንዷ እናት "እኛም ተቀንሶልናል" ስትለኝ ነው የተነፈስኩት።

ዩኒፎርም ላይ አትቸኩሉ። ሰማያዊው ሸሚዝ ለዓመታት ስለሚለበስ ሰፋ ያለ ግዙ፣ መሃረቡና መጽሐፉ ግን በየክፍሉ ይቀየራል። ቀበቶው ኮፍያው ካልሲው ምናምን፣ ተዉት፣ እኛ ፓክ ውስጥ ግማሹ ልጅ በጂንስ ነው የሚመጣው። ባጅ መስፋት ግን የእኔ ሥራ ሆኗል፣ የሌሊት ሽፍት ብሬክ ላይ መርፌና ክር ይዤ ስቀመጥ እዩኝ።

ፖፕኮርን ሽያጭ የሚባል ነገርም አለ፣ ከትርፉ ለፓኩ ይገባለታል። እስቲ አሁን ለሀበሻ ፈንድሻ በውድ ሽጡ! ቡና በተፈላ ቁጥር በሰፌድ ሙሉ እየቀረበለት ማን ይገዛል? ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንድ እናት ጣሳውን አገላብጠው አይተው "ልጄ፣ ይሄንን እኔ ቤት መጥተህ ብላ" አሉት። ሁለት ሸጠ፣ አንዱን የገዛሁት እኔ ነኝ።

ዕቃው ላይ ነው የተሸወድኩት። ሱቅ ገብቼ "ለ4 ሰው" የሚል ድንኳን ገዛሁ፣ ለካ 4 ሰው ማለት እንደ ሳርዲን ተደርድሮ ነው፣ ሁለት ሰው ከነቦርሳው ነው በደንብ የሚይዘው፣ ለእኔና ለልጄ ልክ ሆነ። ስሊፒንግ ባጉ (የመኝታ ከረጢቱ) ላይ 30 ፋራናይት ይላል፣ እኔ እስከዛ ድረስ ይሞቃል ብዬ። ብዙ ጊዜ ያ ቁጥር የመጨረሻው ወሰን ነው እንጂ ተመችቶህ የምትተኛበት አይደለም። ጥቅምት ላይ ነው፣ ቀን ላይ ቲሸርት ያስለብሳል፣ ሌሊቱ ሌላ ነው። ልጄ በጥጥ ሱሪ ጤዛ ላይ ሲሯሯጥ አምሽቶ በዛው ተኛ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ላይ "ማሚ፣ በረደኝ" ብሎ ቀሰቀሰኝ። ቀየርኩለት፣ ማዘር በግድ መኪና ውስጥ የከተተችውን ጋቢ ከላይ ደረብኩለት፣ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ከዛ ጎናችን ያለው አባት ሰምቶን ነው መሰለኝ፣ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ "ከስር አንጥፊለት" አለኝ። ብርዱ ከመሬት ነው የሚመጣው ለካ፣ ባጉ ከስር በሰውነት ስለሚጨፈለቅ አያሞቅም። ጋቢውን አራት አጥፌ ከስሩ አደረግኩት፣ አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ማንኮራፋት ጀመረ። እኔ ጃኬቴን ለብሼ ተቀምጬ ነጋልኝ።

ስለዚህ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ከስር በሚነጠፈው ፓድ ላይ አውሉ፣ ቀጥሎ ጥጥ ያልሆነ ካልሲና የውስጥ ልብስ። ድንኳን ተዋሱ፣ ፓኩ ውስጥ ሁሌ ትርፍ ያለው ሰው አይጠፋም። የቀረው ቀላል ነው፣ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ የውሃ ኮዳ፣ ቆሎ (የእኛ ቆሎ ከእነሱ ትሬይል ሚክስ በምን ያንሳል?)። አሳማ አንበላም ብዬ ቀድሜ ነግሬያቸው ነበር፣ የበሬ ሆት ዶግ አመጡ፣ ማርሽማሎው ላይ ግን ጌላቲኑ ብዙ ጊዜ ከአሳማ መሆኑን ያወቅኩት ልጁ ሦስተኛውን ከዋጠ በኋላ ነው። ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ድርጅቱ በ2020 ባንክረፕሲ (ኪሳራ) የገባው በልጆች ላይ በተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት ክስ ነው፣ ከ82 ሺህ በላይ ሰው ነው አቤት ያለው። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ለሁለት ቀን ፎርሙን ደብቄው ነበር። አሁን ደንቡ ሁሌ ሁለት ትልልቅ ሰዎች መኖር አለባቸው ይላል፣ አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን አይሆንም፣ ከወላጁ በቀር ልጅ ካዋቂ ጋር አንድ ድንኳን አያድርም። እኔ ደንቡን በቃሌ ይዤ ነው የሄድኩት፣ እየቆጠርኩ። ለልጄም ቤት ውስጥ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ነግሬዋለሁ። ይሉኝታ እዚህ ላይ አይሠራም።

እና ስንት አወጣሽ ለምትሉኝ፣ ብሩን ደመርኩት፣ ከእግር ኳሱ ክለብ ያነሰ ነው። የማይደመረው ቅዳሜ ነው። ልጁን አድርሰህ የምትመለስበት ነገር አይደለም፣ በዚህ ዕድሜ ካምፕ ሲያድሩ ወላጅ አብሮ ያድራል። የእኔ ቅዳሜ ደግሞ ኦቨርታይም ነው፣ ያቺ አንድ ሌሊት ከምዝገባውም ከድንኳኑም በላይ አስከፈለችኝ። ሱፐርቫይዘሬን ቀኑን ለማስቀየር ስለምናት "ለምንድነው?" አለችኝ፣ "ለተኩላ" አልኳት።

አሁን ደግሞ ፓይንውድ ደርቢ የሚባል መጣ። አንዲት የጥድ እንጨት ይሰጡሃል፣ መኪና አድርገህ ቀርጸህ ታወዳድራለህ፣ ከ5 አውንስ መብለጥ የለባትም። ማዘር ትናንት እንጨቷን ጠረጴዛ ላይ አግኝታ ለከሰል ማቀጣጠያ ልትፈልጣት ስትል ነው የደረስኩት። ልጁ አለቀሰ፣ ካራውን ተቀብያት ቁጭ አልን፣ አሁን ዙሪያዋን እየላገችለት ያለችው እሷው ናት። የእኔ የበርበሬ ሚዛን በግራም ነው፣ 5 አውንስ ወደ 141 ግራም መሆኑ ነው፣ እየጠሩኝ ነው፣ ልሂድ ልመዝንላቸው፣ ቻው።